ከጅማ ወደ ስድስት ኪሎ፦ የሕግ ትምህርት ቤቴን ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴን እያገባደድኩ ነው፤ ለመመረቅ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። እስካሁን 92 ክሬዲት ሰዓት ወስጃለሁ፣ አማካይ ነጥቤ 3.38 ነው። ቤተሰቦቼ እዚሁ ጅማ ናቸው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ «ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፤ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ ከዚያ የተመረቀ ሥራ አይፈታም» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ «የያዝሽውን ጨርሺ» ይላል። አብረውኝ የተማሩ ልጆች እዚያ ስላሉ የት ነው የምትማሪው ስባል ድምፄ ዝቅ ይላል። ኦሮምኛ እናገራለሁ፣ መጻፉ ላይ ግን ደካማ ነኝ። ጠበቃ መሆን ነው የምፈልገው። አንድ ሰው ዝውውሩ «በገንዘብ ይጨረሳል» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሂ. ከጅማ

መልስ፦ ሂ.፣ የአክስትሽንም የአባትሽንም ሐሳብ እንመዝናለን። ከሁለቱ በፊት ግን «በገንዘብ ይጨረሳል» ያለሽን ሰው ጉዳይ እንዝጋ፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጠውም። ለዚህ ሰው አንድ ብር እንዳትሰጪ፣ የትራንስክሪፕትሽን ፎቶም እንዳትልኪለት። እንዲህ ያሉ ሰዎች መጀመሪያ «ማስጀመሪያ» ይቀበላሉ፣ ቀጥሎ «ለፊርማ» ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ ወይ ስልካቸውን ያጠፋሉ ወይ ማኅተም ያለበት የሚመስል የቅበላ ደብዳቤ ይሰጡሻል። መጥፋታቸው ይሻላል። ደብዳቤውን ይዘሽ ብትቀርቢ ሬጅስትራሩ ከራሱ መዝገብ ጋር ያመሳክረዋል፣ በሐሰተኛ ሰነድ የተገለገለችው ተማሪ ደግሞ አንቺ ትሆኛለሽ። ይህ ከግቢ ዲሲፕሊን አልፎ በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ነው፤ ነገ የጥብቅና ፈቃድ ስትጠይቂም ሥነ ምግባርሽ ይታያል።

አሁን ወደ «ደረጃ» እንምጣ። በየዓመቱ የሚወጡት ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ ደረጃዎች የሚለኩት ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ ነው፤ ትልቁን ክብደት የሚይዙትም የምርምር ሥራዎችና የተጠቀሱበት ብዛት ናቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በሠንጠረዡ ላይ ስሙን ከፍ የሚያደርግለትም በአብዛኛው የጤናው ምርምር ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው። የሕክምና ተመራማሪ ያሳተመው ጽሑፍ ስለ ውል ሕግ መምህርሽ የሚነግርሽ ነገር የለም። ስለዚህ «ደረጃው ከፍ ያለ ነው» ሲሉሽ «የምኑ ደረጃ?» ብለሽ ጠይቂ።

ይህን ስንል ስድስት ኪሎ ብልጫ የለውም ማለታችን አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የአገሪቱ አንጋፋ የሕግ ትምህርት ቤት ነው፣ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም የሚታተመው እዚያ ነው። በየፍርድ ቤቱና በየጥብቅና ቢሮው ቀድመው የወጡ ተመራቂዎቹ አሉ። ከሁሉም በላይ ከተማው ራሱ ያስተምራል፤ ልደታ ሄዶ ችሎት መታደም፣ ዓርብ ከሰዓት በአንድ ጥብቅና ቢሮ መዝገብ ማደራጀት፣ የአፍሪካ ኅብረት ወይም የሰብዓዊ መብት ድርጅት ያዘጋጀው ስብሰባ ላይ መገኘት በታክሲ ይደረስባቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ከቻሉ ወዲህ ደግሞ የኩባንያ፣ የኢንቨስትመንትና የግብር ሥራ የሚሠሩ ቢሮዎች ወጣት ይፈልጋሉ፣ የሚያውቁትንም በቅርብ ያዩትን ነው። አክስትሽ ይህን አይታ ከሆነ አልተሳሳተችም። «ሥራ አይፈታም» የሚለው ግን ማንም ዋስ ሊሆንለት የማይችል ቃል ነው። የመውጫ ፈተናው ለጅማውም ለአዲስ አበባውም ተመራቂ አንድ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ የጥብቅና ፈቃድ ፈተናም ከየት ተመረቅሽ ብሎ ነጥብ አይጨምርም።

ደብዳቤሽን ስናነብ ትኩረታችንን የሳበው ግን ስለ ኦሮምኛ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ ብለሻል፤ የት እንደምትቆሚ ግን አልነገርሽንም። የምትማሪው በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ በፌዴራል ፍርድ ቤት የምትከራከሪው በአማርኛ ነው። ጅማ ላይ ከወረዳ ፍርድ ቤት ጀምሮ ክሱም፣ መልሱም፣ የቃል ክርክሩም፣ ፍርዱም በአፋን ኦሮሞ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሕጉም ይለያል። የፍቺ ጉዳይ ውሰጂ። አዲስ አበባ ላይ የምትጠቅሺው የተሻሻለውን የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው፤ ጅማ ላይ ግን የኦሮሚያን የቤተሰብ ሕግ። የገጠር መሬት ክርክርም እንዲሁ፣ የሚዳኘው በክልሉ አዋጅና ደንብ ነው፤ በዞኑ ደግሞ የቡና ማሳ ያለበት ውርስና ድንበር የማያልቅ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ኑሮሽን ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ ወይም አዳማ ላይ ካየሽው፣ ሁለቱን የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ማሳለፍ ወደኋላ ይጎትትሻል። እነዚህ ዓመታት የኤክስተርንሺፕ ዓመታት ናቸው፤ ችሎት ተቀምጠሽ የክስ አቤቱታ በእጅሽ የምትጽፊባቸው። ክልሉ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ሲመለምልም በጽሑፍ ያልዳበረ ኦሮምኛ ፈተናው ላይ ይታያል። ኑሮሽን አዲስ አበባ፣ ሥራሽን የኩባንያ ወይም የዓለም አቀፍ ሕግ ላይ ካየሽው ደግሞ የስድስት ኪሎ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ያኔ ጥያቄው «አሁን ልሂድ ወይስ ጨርሼ?» ይሆናል።

አሁን መሄድ ምን ያስከፍላል? ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቅበላ ደብዳቤ ካገኘ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቅበላ በሩ ነው፤ ከውስጥ የሚጠብቅሽ የኮርስ ማመሳከር ሥራ ነው። የተቀባዩ ትምህርት ቤት ሰዎች የወሰድሻቸውን ኮርሶች ከራሳቸው ካሪኩለም ጎን ያስቀምጣሉ። ስሙ አንድ ሆኖ ክሬዲቱ ካነሰ፣ ወይም ጅማ በአንድ ኮርስ የሰጠችሽን እነሱ ለሁለት ከፍለው የሚሰጡት ከሆነ፣ ኮርሱ ላይያዝልሽ ይችላል። የሕግ ኮርሶች ደግሞ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ አጠቃላይ የውል ሕግ ካልተያዘልሽ የሽያጭና የዋስትና ሕግን መውሰድ አትችዪም። ብዙዎቹ ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ አንዲት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብታመልጥሽ የሚቀጥለው ዓመት መስከረም ድረስ ትጠብቂያታለሽ፣ እሷን ተከትለው የሚመጡትም አብረው ይጠብቃሉ። ሁለት ዓመት ያልሽው ሦስት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የነጥብሽን ነገር ደግሞ በቁጥር እንየው። 92 ክሬዲት በ3.38 ማለት 310.96 የነጥብ ድምር አለሽ ማለት ነው። አዲስ ግቢ፣ አዲስ መምህር፣ አዲስ የፈተና ዓይነት ነውና የመጀመሪያው ሴሚስተር ቢከብድሽ አይገርምም። በ20 ክሬዲት 2.90 አመጣሽ እንበል፤ 58 ነጥብ ነው። የጅማ ነጥብሽ አብሮሽ ከሄደ አዲሱ አማካይ 368.96 ለ112 ሲካፈል 3.29 ይሆናል፤ ትንሽ ጭረት ነው። ኮርሶቹ ተይዘውልሽ ነጥባቸው ግን ካልተቆጠረ (ክሬዲቱ እንጂ ግሬዱ አይሻገርም የሚሉ አሠራሮች አሉ) የዚያ ሴሚስተር አማካይሽ 2.90 ራሱ ነው፤ ሦስት ዓመት የለፋሽበት 3.38 ዲግሪሽ ላይ አይታይም። እዚሁ ብትቆዪና 70 ክሬዲት ቀርቶሻል ብንል፣ 3.50 ይዞ ለመመረቅ ከአሁን በኋላ በአማካይ 3.66 ማምጣት ይጠበቅብሻል። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል፤ መሠረትሽም አይነካም።

ገንዘቡን አክስትሽ ቤት መኖርሽ ብቻ አይፈታውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ራስ ገዝ ነው፤ የራሱ የቅበላና የክፍያ ሥርዓት አለው። በዝውውር ብትገቢ በወጪ መጋራት እንደ መንግሥት ተማሪ ነው የምትያዢው ወይስ ከፋይ ትሆኛለሽ? ዶርምና ካፌ ይኖርሽ ይሆን? ይህንን በቃል የነገረሽ ሰው ነገ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል፤ መልሱን በጽሑፍ ያዢ። እስካሁን ጅማ ላይ የፈረምሽው የወጪ መጋራት ዕዳም አብሮሽ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም፤ ዕዳውን የሚገልጽ ሰነድ ሳትይዢ ከወጣሽ በምረቃ ጊዜ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስትጠይቂ ለአንዲት ወረቀት 350 ኪሎ ሜትር ተመልሰሽ ትመጫለሽ።

እኛ እንደምናየው፣ በያዝሽው ሁኔታ ጅማ ላይ ጨርሺ። ሁለት ዓመት ቀርቶሽ፣ 92 ክሬዲት ይዘሽ የሚደረግ ዝውውር ትርፉ ጠባብ፣ አደጋው ሰፊ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ብትጠይቂን ኖሮ ሌላ መልስ እንሰጥሽ ነበር። የስድስት ኪሎን ስም ከፈለግሽው ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ሂጂ፤ በቢዝነስ ሕግ፣ በሰብዓዊ መብት ወይም በሕገ መንግሥትና ሕዝብ አስተዳደር ሕግ ማስተርስ ስትሠሪ የመግቢያ ፈተና አልፈሽ፣ ክሬዲትሽ ሳይሸራረፍ፣ አዲስ ሆነሽ ትገቢያለሽ። የሥራ ማስረጃሽ ላይ የሚቀድመውም የመጨረሻው ዲግሪ ነው።

አባትሽ ግን «የያዝሽውን ጨርሺ» ሲል ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ጨርሺ ማለቱ ከሆነ ከእሱም ጋር አንስማማም። ጅማ ላይ መቆየት የሚያዋጣው ጅማ ያላትን ሙሉ በሙሉ ከወሰድሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የሚታወቅ ነው፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት። እዚያ ተመዝገቢ፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ስጪው። ለምሳሌ አንዲት እናት የቀለብ ጉዳይ ይዛ ስትመጣ ታሪኩን በኦሮምኛ ትሰሚያለሽ፣ ከሚያለቅሰው መሀል ለክሱ የሚያስፈልገውን ፍሬ ነገር ትለያለሽ፦ ጋብቻው መቼ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ፣ አባትየው ገቢው ምን፣ ማስረጃው የት። ከዚያ አቤቱታውን በቁቤ ትጽፊና ለመምህሩ ታሳያለሽ፤ በቀይ ተሞልቶ ይመለሳል፣ እንደገና ትጽፊያለሽ። በዚህ ዓይነት ሃያ አቤቱታ የጻፈች ተመራቂ አዲስ አበባም ብትሄድ ለቃለ መጠይቅ የምታሳየው አላት።

የጽሑፍ ኦሮምኛሽን ለማሻሻል የሰዋስው መጽሐፍ ብቻ ይዘሽ አትቀመጪ። ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሰጡ የተዘጉ ፍርዶችን በመምህርሽ በኩል ጠይቂ፤ በሳምንት አንድ ፍርድ በእጅሽ ገልብጪ፣ አዎ፣ ቃል በቃል። የፍርድ ቋንቋ የራሱ አካሄድ አለው፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ይግባኝ ባይ፣ ጭብጥ፣ ትእዛዝ የሚሉት በኦሮምኛ ምን እንደሚባሉ በጆሮ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ አስተካክሎ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ጎን ለጎን የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በቅጽ እየታተሙ የሚወጡትን አስገዳጅ ውሳኔዎች በአማርኛ አንብቢ፤ ለመውጫ ፈተናም ለሥራም ያገለግላሉ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስታነቢ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ሁለቱ የሚለያዩባቸው አንቀጾች አሉና።

ሙት ኮርት (ምስለ ችሎት) ላይም ቡድን ውስጥ ግቢ። የተማሪ ክርክር ውድድር ላይ ዳኛው ከየት ነው የመጣሽው ብሎ አያዳላም፤ ነጥብ የሚሰጠው ለጽሑፉና ለክርክሩ ነው። ድምፄ ዝቅ ይላል ያልሽው ነገር ልባችንን ነክቶናል፤ ችሎት ፊት ቆመሽ «ክቡር ዳኛ» ብለሽ አሥር ደቂቃ ከተከራከርሽ በኋላ ግን ያ ድምፅ ሲመለስ ታይዋለሽ።

ምናልባት ይህን ሁሉ አንብበሽም የመሄድ ፍላጎትሽ አልቀዘቀዘ ይሆናል። የቤተሰብ ወይም የጤና ምክንያትም ሊኖርሽ ይችላል፣ ለእኛ ያልጻፍሽው። እንዲያ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትሳቺ። ጅማ ሬጅስትራር ሄደሽ ስቱደንት ኮፒሽን አውጪ፣ ግሬዶቹ በትክክል መግባታቸውን አንድ በአንድ ተመልከቺ፤ ያልተሞላ «አይ» (ያልተጠናቀቀ) ግሬድ ካለሽ አስቀድመሽ አስተካክዪው፣ እሱ ብቻ ማመልከቻውን ሊያዘገየው ይችላል። ከሕግ ትምህርት ቤቱ የወሰድሻቸውን ኮርሶች ሲላበስ ማኅተም አስደርገሽ ያዢ፤ የኮርስ ኮዱ፣ ክሬዲቱና የምዕራፎቹ ዝርዝር ይታይበት፣ ስሙ ብቻ ያለበት ወረቀት ለማመሳከር አይበቃም። ስድስት ኪሎ ላይ ለሕግ በዚህ ዓመት ዝውውር ይቀበሉ እንደሆነ፣ ለስንተኛ ዓመት እንደሆነና ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ በጽሑፍ ጠይቂ። ከተቀበሉሽም የተያዙልሽን ኮርሶች ዝርዝር፣ ነጥባቸው ይቆጠር አይቆጠር፣ የምትመደቢበትን ዓመትና የሚቀሩሽን ሴሚስተሮች ተፈርሞበት እስክታዪ ድረስ የጅማን ቦታሽን አትልቀቂ።

ክሊራንስ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ትምህርት ክፍል ሁሉ ከፈረሙልሽና መታወቂያሽን ካስረከብሽ በኋላ ወደኋላ መመለስ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። ሴሚስተር ተጀምሮ ሳታስታውቂ ክፍል መቅረት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ትምህርት እንዳቋረጠች ተማሪ ትያዢያለሽ፣ ለመመለስም ለመዛወርም እንቅፋት ይሆንብሻል። የግድ ከሆነ ፈቃድ ጠይቀሽ በሥርዓቱ ዊዝድሮው አድርጊ፣ የቅጹንም ቅጂ ያዢ።

ለሁለቱም ሬጅስትራር የምትጽፊው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትምህርት ዘመን፣ የወሰድሽው ክሬዲት፣ የምትጠይቂው ነገር። በሁለት ቅጂ አዘጋጂው። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቢ በአንቺ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጊ፣ ቁጥሩን ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ጻፊው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሺ «ደብዳቤሽ አልደረሰንም» ከተባልሽ የምታሳዪው እሱን ነው።